ፋየርፊሼ ከገንዳው ዘሎ ወጣብኝ፤ አሁንም ይተነፍሳል! ምን ላድርግ?

ሰማያዊ፦
እባካችሁ ቶሎ! ጠዋት ስነሳ ፋየርፊሼ፣ ያ ቀጭኑ የባሕር ዓሣዬ፣ ወለሉ ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። አንስቼ ገንዳው ውስጥ መልሼዋለሁ። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ግን በጎኑ እንደተኛ ነው። ውሃው ተበላሽቶ መሆን አለበት። ሙሉ በሙሉ ልቀይረው ነው። መድኃኒትስ ልጨምር? የትኛውን?

ጨዋማው፦
ውሃውን እንዳትነካ! ሁሉንም ከቀየርክ ጨዉም ሙቀቱም ባንዴ ይለዋወጥበትና የተረፈውን አቅም ይጨርሰዋል። አሁን የሚፈልገው ኦክስጅንና ጸጥታ ነው። ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ካለህ እሱ ውስጥ አድርገውና እዚያው ገንዳው ውስጥ ስቀለው። ሌሎቹ እንዳይነክሱት ነው። የአየር ፓምፕ ካለህ አጠገቡ አድርግ። መብራቱን አጥፋ። አቧራ ወይም ፀጉር ከተለጠፈበት በገንዳው ውሃ ቀስ ብለህ አስለቅቀው እንጂ በቧንቧ ውሃ እንዳታጥበው። በደረቅ እጅም አትያዘው፤ ቆዳውን የሚጠብቀው ልጋግ ይላጣል።

ፈታ በሉ፦
ነፋስ ልቀበል ብሎ ይሆናላ የወጣው! ለመሆኑ ገንዳህ መክደኛ አለው?

ጋሽ ሞገድ፦
ልጄ፣ ዓሣ ከመግዛት በፊት ማንበብ ይቀድማል። ፋየርፊሽ ባሕር ውስጥ ከጉድጓዱ በላይ ተንሳፍፎ ሞገዱ የሚያመጣለትን ጥቃቅን ነፍሳት የሚለቅም ፍጥረት ነው። ሲደነግጥ ሽው ብሎ ጉድጓዱ ይገባል። ገንዳ ውስጥ መሸሸጊያ ካጣ ወይም ሌላ ከቀደመው ወደ ላይ ይወረወራል። ባሕር ላይ የዘለለ ዓሣ ተመልሶ ውሃ ላይ ያርፋል፤ እናንተ ቤት ግን ወለል ነው የሚጠብቀው። ፌሪ ሬስ፣ ፍላሸር ሬስና ጆፊሽ የሚባሉት ዓሦች፣ ብዙዎቹ ጎቢዎችም ያው ዘላዮች ናቸው። ዛሬ ግን ሁሉም ቀለሙን አይቶ ይገዛል፤ ጠባዩን የሚጠይቅ የለም።

አረንጓዴ አለት፦
ውሃውን አትቀይር። የአየር ፓምፕ አስገባለት። መብራት አጥፋ።

ጨዋማው፦
አረንጓዴ፣ እኔ ያልኩትን እኮ ነው የደገምከው ሃሃ።

ሰማያዊ፦
ሳጥን ውስጥ አድርጌዋለሁ። ቀና ለማለት እየሞከረ ነው። መክደኛ አለው፤ የመስታወት ነው። ከኋላ በኩል ለገመዶቹና ለቱቦው ብቻ ክፍት ቦታ አለ፤ ስፋቱ ሁለት ጣት ቢሆን ነው። በዚያ ሊወጣ አይችልም። ውሃው ነው የምለው ለዚህ ነው።

ምስጢር፦
ሁለት ጣት? ፋየርፊሽ እኮ ከእርሳስ ብዙም አይወፍርም! በዚያው ነው የወጣው። ውሃው ነው ከማለትህ በፊት ለካው። ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ዜሮ መሆን አለባቸው። የሌሎቹንም አተነፋፈስ እይ። ውሃው ቢበላሽ ወይም ኦክስጅን ቢያንስ ሁሉም ላይ ላዩን ወጥተው ያለከልኩ ነበር። አንዱ ብቻ ከዘለለ የሸሸው ነገር አለ። ገንዳው ውስጥ ማን ማን አለ?

ሰማያዊ፦
ለካሁ። ሁለቱም ዜሮ። ሌሎቹ ደህና ናቸው። ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ጎቢ፣ እና ሌላ ፋየርፊሽ። ብቻውን እንዳይደብረው ብዬ በቅርቡ ጓደኛ አምጥቼለት ነው።

ምስጢር፦
በል እንግዲህ፣ አገኘነው። ሁለት ፋየርፊሾች ጥንድ ሆነው ካልተስማሙ አንዱ ሌላውን መግቢያ መውጫ ያሳጣዋል። አሳዳጁ ጉድጓዱን ይይዛል። ተሳዳጁ ላይ ማዕዘኑ ጋ፣ ገመዶቹ ሥር ይንጠለጠላል። ክፍተቱ ደግሞ ያለው እዚያው ነው። ክንፉ ተቀዳዶ እንደሆነ ተመልከት። ከዳነም አብረው አይሁኑ፤ አንዱን ለሌላ ሰው ስጥ። እሱ ብቻውን አይደብረውም፤ ደስተኛ ነው።

ጋሽ ሞገድ፦
መጀመሪያውኑ በመስታወት መክደን ስህተት ነው። አየር ይዘጋል፣ ውሃውም ይሞቃል።

ጨዋማው፦
ጋሼ፣ የውሃው ገጽ በደንብ ከተናወጠ በመስታወትም የሚኖሩ አሉ። መረብ እንደሚሻል ግን እስማማለሁ። ሰማያዊ፣ ቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ መረብ በአሉሚኒየም ፍሬም ወጥረህ ግጠመው። ገመዶቹ የሚያልፉበትን ቦታ በልካቸው ቁረጥ፤ የቀረውን ድፈን። ዋናው እሱ ነው። መረቡ ላይ ጨው ስለሚጋገር አልፎ አልፎ በንጹህ ውሃ እጠበው። ከመስታወት ይልቅ በመረብ ብዙ ውሃ ይተናል። ጨው ግን አይተንም፤ ስለዚህ የጎደለውን ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ሙላ። አለዚያ ጨዉ እየከበደ ይሄዳል።

አረንጓዴ አለት፦
አሁን ደግሞ አዲስ ነገር ልበል። ቁስል ሳታይ መድኃኒት አትጨምር። መዳብ ያለበት መድኃኒት ሽሪምፕና ኮራል ይፈጃል። ቁስሉ ከነጣ ወይም ከቀላ ለብቻው ሌላ ገንዳ አዘጋጅተህ እዚያ አክመው። ቀጥ ብሎ መዋኘት ሲጀምር ትንሽ ትንሽ ምግብ ሞክርለት።

ፈታ በሉ፦
አንድ ቁም ነገር ከእኔም ውሰዱ። መብራት ድንገት ቦግ፣ ድንገት ድርግም ሲል ነው ብዙዎቹ የሚበረግጉት። ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ካልሆነ ከገንዳው መብራት በፊት የክፍሉን አብሩ፤ ማታ ደግሞ የገንዳውን አስቀድማችሁ አጥፉ።

ሞቅ ያለ ውሃ፦
ዘግይቼ ነው ያየሁት፤ ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅም ይሆናል። ዓሣ ሲጠፋባችሁ ወለሉን ብቻ አትፈልጉ። የውሃ መውረጃው ሳጥን ውስጥ እና ታች ያለው ማጣሪያ ገንዳ ውስጥም እዩ። እዚያ ብዙ ጊዜ በሕይወት ይገኛል። የመውረጃውንም አፍ በመረብ ክደኑት። ሰማያዊ፣ ዓሣው ተረፈልህ ወይ? የትኛውን ፋየርፊሽ ነው የምትሰጠው? እኔ እወስደዋለሁ፤ መክደኛ አለኝ።