«ዱፕሊሲቲ»ን ተመልካቹ ለምን ቀዝቀዝ ብሎ ተቀበለው? ጥፋቱ የፊልሙ ነው ወይስ የሻጮቹ?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ የቶኒ ጊልሮይ «ዱፕሊሲቲ» ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2009 ወጣ። ጁሊያ ሮበርትስ የቀድሞ የሲአይኤ፣ ክላይቭ ኦወን ደግሞ የቀድሞ የኤምአይ6 ሰላይ ሆነው፣ በርኬት ኤንድ ራንድል እና ኢኪክሮም የተባሉ ሁለት ባላንጣ የንጽሕና ዕቃ አምራቾችን ባንድ ጊዜ አታለው ሊከብሩ ይነሳሉ። የሚሰረቀው ራሰ በራነትን ይፈውሳል የተባለ ቀመር ነው። ተቺዎች በአብዛኛው አመሰገኑት፤ ሮበርትስም ለጎልደን ግሎብ ታጨችበት። ሕዝቡ ግን አልጎረፈለትም። ለምን? ፊልሙን ያላየ ካለ ይጠንቀቅ፤ መጨረሻው እዚህ ይነገራል።

ትኬት፦ ክርክሩ ከቁጥር ይነሳ። ፊልሙ 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣበት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አሜሪካ ውስጥ ወደ 14 ሚሊዮን አስገብቶ ሦስተኛ ወጣ፤ በአገሪቱ በጠቅላላ ከ40 ሚሊዮን ትንሽ ከፍ አለ፤ በዓለም ዙሪያ 78 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ከትኬት ገቢ ስቱዲዮው እጅ የሚገባው በግምት ግማሹ ስለሆነ፣ 39 ሚሊዮን አካባቢ ነው የደረሰው። የማስታወቂያውን ወጪ ትተን የመሥሪያውን እንኳ አልመለሰም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። 40ውን ለ14ቱ ስታካፍሉት 2.9 ይመጣል። ሰው አይቶ የጠላው ፊልም በሁለተኛው ሳምንት ገደል ይገባል፤ ጠቅላላ ገቢው የመጀመሪያውን ሦስት ቀን እጥፍ ካለፈም በመከራ ነው። 2.9 ማለት ያየው ሰው «አትሂዱ» እያለ አልዞረም ማለት ነው። ስለዚህ ዋናው ችግር የገባው መጥላቱ ሳይሆን፣ መጀመሪያውኑ የገባው ሰው ማነሱ ነው።

ሞንታዥ፦ ትኬት ወንድሜ፣ ስሌትህ ልክ ነው፤ ድምዳሜህ ግን አይደለም። ይህ ፊልም የተሠራው ለጎልማሳ ተመልካች ነው። ጎልማሳ ደግሞ አርብ ማታ ተሰልፎ አይገባም፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ነው የሚመጣው። ለእንዲህ ዓይነት ፊልም 2.9 ተራ ቁጥር ነው፤ የፍቅር ምልክት አይደለም።

ጥፋቱ አቆራረጡ ላይ ነው። ፊልሙ በ2003 ዱባይ ይከፈታል፤ ሴትየዋ ሰውየውን አደንዝዛ ሰነዱን ይዛ ትጠፋለች። ከዚያ አምስት ዓመት ዘልሎ ኒውዮርክ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሮም፤ እንደገና ኒውዮርክ፤ እንደገና ወደ ኋላ። ወደ ኋላ መመለስ በራሱ ነውር የለውም። እዚህ ግን እያንዳንዱ መመለስ ቀደም ብለህ ያየኸውን ይሽርብሃል። ጠብ ነው ያልከው ትወና ይሆናል፤ ጠላት ያልካት ተባባሪ ትሆናለች። ተመልካች አንዴ ሲታለል ይደሰታል፤ ሁለተኛ ሲታለል ይጠነቀቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰዎቹ ሲዋደዱም ሲጣሉም ስሜቱን መስጠት ያቆማል። 125 ደቂቃ በዚህ ሁኔታ ረጅም ነው።

ስክሪፕት፦ እኔ ደግሞ እንደ ጉድለት የቆጠርከውን የፊልሙ ልብ ነው እላለሁ። ሁለቱ «አታስታውሺኝም?» «አላውቅህም» እየተባባሉ የሚከራከሩበትን ንግግር አስብ። ያው ንግግር ቃል በቃል ተደግሞ ይመጣል። ቃሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማን እየሰማቸው እንደሆነ ነው። የሙያ ሰላዮች ፍቅር ከዚህ በተሻለ በምን ይታያል? አንዱ ሌላውን ቢያምን ይሞኛል፤ ባያምን ደግሞ ብቻውን ይቀራል።

መጨረሻውም ቢሆን ድንገት የወረደ አይደለም። የመክፈቻው ጽሑፍ ሲያልፍ የምናየውን አስታውሱ። ሁለቱ የኩባንያ አለቆች፣ ቶም ዊልኪንሰን እና ፖል ጂያማቲ፣ የግል አውሮፕላኖቻቸው ከኋላ ቆመው፣ በዝናብ ውስጥ ይተናነቃሉ። ምስሉ እጅግ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ጉንጭ ሲርገበገብ፣ ክራባት ሲወናጨፍ፣ ጃንጥላ የያዙት አጃቢዎች ሲደነግጡ አንድ በአንድ ይታያል። አንድም ቃል አይሰማም። ጊልሮይ እዚያው ላይ ጦርነቱ የማን እንደሆነ ነግሮናል፤ ፍቅረኞቹ የሁለቱ ሽማግሎች መሣሪያ ናቸው። በማስታወቂያው ግን የተሸጠው የሁለት ቆንጆ ኮከቦች መሽኮርመም ነው። ቀለል ያለ የፍቅር ኮሜዲ ብሎ የገባ ሰው፣ ፍቅረኞቹ ባዶ እጃቸውን ሲቀሩ ቢከፋው አልፈርድበትም። ያጠፋው ግን ሻጩ ነው።

ቁልፍ፦ በመረጃ ጥበቃ በኩል ልግባ፤ «እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ለሻምፑ ማን ይሰልላል?» የሚል ቅሬታ አጥብቆ ያናድደኛል። በ2001 ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የቀጠራቸው ሰዎች ቺካጎ ያለውን የዩኒሊቨር ቢሮ ቆሻሻ በርብረው፣ የፀጉር ምርቶቹን ዕቅድ የሚመለከቱ ሰነዶች አውጥተዋል። ፒ ኤንድ ጂ ነገሩን ራሱ ለዩኒሊቨር አሳወቀ፤ በኋላም 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ እንደታረቀ ተዘግቧል። ሕግ አልተጣሰም ነበር ክርክሩ፤ የጣስነው የራሳችንን ደንብ ነው አሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 መንገድ ዳር ለተተወ ቆሻሻ የግላዊነት ጥበቃ የለም ብሎ ነበርና፣ ድንበሩ ቀጭን ነው። ቆሻሻው ከግቢ ውስጥ ከተወሰደ ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል።

ቀመሩን ለማውጣት ቅጂ ማሽን ፍለጋ የሚሯሯጡበትን ትዕይንት «በስልክ ፎቶ አያነሱትም ወይ?» የሚሉም አሉ። በዚያ ዘመን አይፎን 3ጂ 2 ሜጋፒክስል ነበር፤ ሌንሱም ርቀት አያስተካክልም። 1600 ነጥብ በ28 ሴንቲሜትር ገጽ ላይ ሲዘረጋ ለአንድ ኢንች 145 ገደማ ይደርሰዋል። ለደብዳቤ ይበቃል፤ ለኬሚካል ቀመር ግን ከፊደሉ ግርጌ ያለችው ትንሿ ቁጥር 2 ትሁን 3 አይለይህም። አንዷ ቁጥር ከተሳሳተች የሰረቅከው ወረቀት ዋጋ የለውም።

ፊልሙ ያለፈው ሌላ ነገር ነው። በዚያን ጊዜም የቢሮ ቅጂ ማሽኖች ብዙዎቹ ውስጣቸው ሃርድ ዲስክ ነበራቸው፤ ያነበቡትን ገጽ ምስል ያስቀራሉ፣ የማን መለያ በስንት ሰዓት እንደተጠቀመም ይመዘግባሉ። ብዙ ባለ ቀለም ሌዘር ማተሚያዎች ደግሞ በዓይን የማይታዩ ቢጫ ነጠብጣቦች ወረቀቱ ላይ ያትማሉ። በ2005 የአንዱ የዜሮክስ ሞዴል ነጠብጣብ ሲፈታ የማሽኑ መለያ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ወጣ። ማሽን አግኝቶ መቅዳት ቀላሉ ክፍል ነው፤ የሚያስይዘው የሚቀረው አሻራ ነው።

ቀማሚ፦ እኔን የሚያስቸግረኝ ከዚያ በላይ ነው። አንድ ገጽ ቀመር ምርት አይሆንም። ክሬም የሚሠራው በንጥረ ነገሩ ዝርዝር ብቻ ሳይሆን በአሠራሩ ነው፦ የውሃውና የዘይቱ ክፍል በስንት ዲግሪ ይሞቃል፣ የቱ በየቱ ላይ ይጨመራል፣ በምን ፍጥነት ይማሰላል፣ ሲቀዘቅዝ አሲድነቱ ስንት ላይ ይስተካከላል። ይህ ከጎደለ ወይ ውሃና ዘይቱ ይለያያል፣ ወይ ፍቱኑ ንጥረ ነገር ዕቃው መደርደሪያ ላይ ሳለ ይበላሻል። ደግሞ ፀጉር አበቅላለሁ ያለ ምርት በአሜሪካ ሕግ መዋቢያ ሳይሆን መድኃኒት ነው። የሚቀባው ሚኖክሲዲል በ1988፣ የሚዋጠው ፊናስተራይድ ለራሰ በራነት በ1997 የተፈቀዱት ከሰው ሙከራ በኋላ ነው። ወረቀት ሰርቆ በማግስቱ ለባለአክሲዮኖች የሚያውጅ አለቃ በጤናው አይደለም።

ስክሪፕት፦ ቀማሚ፣ ሳታውቀው ለፊልሙ ተከራከርክለት! ጂያማቲ የሚወድቀው ሳያስመረምር ስላወጀ ነው እኮ። ቀመሩ ሐሰት ነበር፤ ስግብግብነቱን ያወቀው ተቀናቃኙ ቱሊ (ዊልኪንሰን) በልኩ የሰፋለት ጃኬት ነው። ፍቅረኞቹም ቀመሩን ሊሸጡ ዙሪክ ሄደው፣ ተራ የቆዳ ቅባት መሆኑን የሰሙት ከገዢው ጋር ከተቀመጡ በኋላ፣ ወረቀቱ ተመርምሮ ነው።

ቁልፍ፦ ገዢው ጋ መቀመጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋው እርምጃ ነው። በ2006 የኮካ ኮላን ምስጢር ለፔፕሲ እንሸጣለን ያሉ ሰዎች ነበሩ። ፔፕሲ የደረሰውን ደብዳቤ በቀጥታ ለኮካ ኮላ አሳልፎ ሰጠ፤ ኤፍቢአይ ገዢ መስሎ ገባ፤ ከውስጥ ሰነዱን ያወጣችው ሠራተኛ 8 ዓመት ተፈረደባት። በ1996ቱ ሕግ የንግድ ምስጢር ስርቆት እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። ትልቅ ኩባንያ የተሰረቀ ቀመር ከሚገዛ ሻጩን ቢያስይዝ ይሻለዋል፤ ከገዛ የራሱ ምርምር ሁሉ ተበክሎ ፍርድ ቤት ይቆማል። ፊልሙ ይህን ፍርሃት ትንሽ ቢያሳየን ውጥረቱ እጥፍ ይሆን ነበር።

ሞንታዥ፦ እኔም የምለው ይኸው ነው። የሚያስፈራ ነገር የለም፤ እስር የለም፣ ፖሊስ የለም። ማን ማንን አታለለ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱን ደግሞ ቅደም ተከተሉ አድበስብሶታል። ዙሪክ ከመድረሳችን በፊት የቱሊ ወገን አንድ ነገር እንደሚያውቅ የምትጠቁም አንዲት ምስል ብትገባ፣ እኛ አውቀን እነሱ ሳያውቁ እየተጨነቅን እናይ ነበር።

ስክሪፕት፦ ያቺ ምስል ከገባች ፊልሙ የፍቅረኞቹ መሆኑ ያበቃል። የምናውቀው እነሱ የሚያውቁትን ያህል ብቻ እንዲሆን ነው የተሠራው፤ ሲሸነፉ አብረን እንድንሸነፍ።

ትኬት፦ በአቆራረጡ ላይ እናንተ ተከራከሩ። እኔ ወደ ሽያጩ ልመልሳችሁ። የዚሁ ዳይሬክተር የቀድሞ ፊልም «ማይክል ክሌይተን» በ2007 መጀመሪያ በጥቂት ሲኒማ ቤቶች ተከፍቶ፣ ወሬው ሲዛመት ነው የሰፋው፤ ለሰባት ኦስካር ታጨ። «ዱፕሊሲቲ» ግን በመጀመሪያው ቀን ከ2,500 በሚበልጡ ሲኒማ ቤቶች ተለቀቀ። ሁለቴ ታይቶ የሚገባ ፊልም በሦስት ቀን ገቢ እንዲመዘን ተደረገ።

ሞንታዥ፦ ሁለት ውድ ኮከቦች ይዞ 60 ሚሊዮን የፈጀን ፊልም ማን በጥቂት ሲኒማ ቤት ይከፍተዋል? እንዲህ ያለ ጠመዝማዛ ጽሑፍ በ25 ሚሊዮን መሠራት ነበረበት። ያን ጊዜ ያው 78 ሚሊዮን ትርፍ ይባል ነበር፤ እኛም ዛሬ ስለ አቆራረጡ ብቻ እንከራከር ነበር።