ግሪኮቹ አቀርቅረው አይደለም የሠሩት

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አውሮራ (ኮሎራዶ፣ ዴንቨር አጠገብ) ከገባሁ ገና ነው። መጋዘን ሥራ ያስገባኝ ያገራችን ሰው ነው። ያኔ የማስገቢያ ተቀብሎኛል፣ አሁንም ደመወዝ በወጣ ቁጥር ድርሻዬን ይላል። አንድ ትልቅ ሰው ባማክር «ቻይው ልጄ፣ ግሪኮቹን አታዪም? አቀርቅረው ሠርተው አይደል እዚህ የደረሱት» አሉኝ። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። የጋሼን ምክር አልንቅም፤ ታሪኩን ግን ከመሀል ነው የጀመሩልሽ። ሬስቶራንቱና ሀብቱ ኋላ የመጣ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ወደዚህ ወደ ምዕራቡ የመጣው ግሪክ አብዛኛው የገበሬ ልጅ ነው፤ ሐዲድ እየዘረጋ፣ ማዕድን እየቆፈረ ለእህቶቹ መዳሪያ የሚልክ።

ሥራ የሚያስገባውም እንዳንቺው ያገሩ ሰው ነበር። ዩታ ውስጥ ሊዮኒዳስ ስክሊሪስ የሚባል ደላላ፣ ቢንግሃም ካንየን መዳብ ማውጫ ለሚያስገባው ግሪክ ሁሉ 20 ዶላር ገደማ ይቀበላል። የቀን ሥራ ያኔ 2 ዶላር አካባቢ መሆኑን አስቢ። በዚህም አላበቃ፣ በየወሩ ከደመወዛቸው ይቆረጥለታል፤ አስቤዛ እንኳ እሱ ጥቅም ከሚያገኝበት ሱቅ ካልገዙ ሥራቸው ያሰጋቸዋል። በ1911 (በፈረንጅ) የቀርጤስ (የግሪክ ደሴት ናት) ልጆች ለአገረ ገዢው አቤቱታ ጻፉበት፤ ሰሚ አጡ። በ1912 መስከረም ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ሥራ አቆሙና ይሄ ሰው ይነሳልን አሉ። ደመወዙ ላይ አድማው ተሰብሯል፣ አልዋሽሽም። ስክሊሪስ ግን ቦታውን ለቀቀ።

የኛው ከተማ ሰውም አለ፤ ሉዊስ ቲካስ። እሱም ከቀርጤስ ነው፣ በ1906 መጣ፣ ዴንቨር ማርኬት ጎዳና ላይ ከሸሪኮች ጋር ቡና ቤት ነበረው። የዜግነት ማመልከቻም አስገብቶ ነበር። ከዴንቨር በስተሰሜን ፍሬድሪክ በሚባል ቦታ ወዳለ የድንጋይ ከሰል ማዕድን የገባው፣ ይገርምሻል፣ አድማ በመቱ ሰዎች ቦታ ነው! ትንሽ ቆይቶ ግን 63 ግሪኮችን ይዞ ወጣ። ከዚያ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር አደራጅ ሆነና በ1913 አድማ ጊዜ ደቡብ ኮሎራዶ ሉድሎው ላይ ድንኳን ተክለው የሰፈሩትን፣ ከየአገሩ የተሰበሰቡ አድመኞች ይመራ ጀመር። ሚያዝያ 19 ቀን 1914 ፋሲካ ነበር፤ የነሱ ፋሲካ የኛው ፋሲካ ነው። በማግስቱ የግዛቱ ሚሊሺያ ተኩስ ከፈተ፣ ድንኳኑ ተቃጠለ። ከድንኳን ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ 2 ሴቶችና 11 ልጆች ሞቱ። ቲካስን ከያዙት በኋላ በጠመንጃ ሰደፍ መትተው ከጀርባው ተኩሰው ገደሉት። ትሪኒዳድ ከተማ ሐውልት አለው፤ ወደ ኒው ሜክሲኮ የምትነዱ ጎራ በሉ።

ሌላ መልስ፦ ወንድሜ፣ ታሪኩ ጥሩ ነው፣ ግን ልጅቷን ለምን በጥይት ታስፈራራታለህ? ዛሬ ሕግ አለ። ጋሼም ቢሆኑ ሥራዋን እንዳታጣ ሰግተው ነው።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ያኔ ያልነበረው ነገር ስላለ ነው መጻፌም። እህቴ፣ የኮሎራዶ የሥራ ቢሮ የደመወዝ አቤቱታ በነፃ ይቀበላል፣ ስለ ወረቀትሽም አይጠይቅም፣ አስተርጓሚ ያቀርባል። አንድ ነገር ንገሪን፦ ሰውየው እዚያው የአንቺ አለቃ ነው ወይስ የውጭ ሰው? አለቃሽ ከሆነ ጉዳዩ ከድርጅቱም ጋር ነው።

ጠያቂዋ፦ የፈረቃ አለቃዬ ነው። ገንዘቡን በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ መላኪያው) ነው የምልክለት። ማስረጃ ይሆናል?

መልስ፦ በደንብ ይሆናል። መልእክቶቹንም አንድ እንዳታጠፊ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሆነልሽ ቅጹን አብረን እንሞላለን።