የሰም ትል በላብራቶሪ አይጥ ፋንታ፦ ለካንዲዳ ጥናት ምን ያህል ይታመናል?

የማይክሮባዮሎጂ ተማሪ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጥናቴ ከታማሚዎች የተወሰዱ ስድስት የካንዲዳ አልቢካንስ (ሰውን የሚያሳምም ፈንገስ) ናሙናዎች አሉኝ፤ ሦስቱ በላብራቶሪ ሲፈተኑ ፍሉኮናዞል የተባለውን ፀረ ፈንገስ መድኃኒት የተቋቋሙ ሲሆን ሦስቱ ግን በመድኃኒቱ በቀላሉ የሚገቱ ናቸው። ማወቅ የምፈልገው ይህ ልዩነት በሕያው አካል ውስጥም ይታይ እንደሆነ ነው። በትምህርት ክፍላችን የአይጥ ማርቢያ የለም፤ ከሌላ ቦታ ለማምጣትም በጀቱም ሆነ የሥነ ምግባር ፈቃዱ የሚደርስልኝ አይመስለኝም። አማካሪዬ ንብ አናቢዎች የሰም ትል የሚሉትን፣ በሳይንስ ስሙ ጋለሪያ ሜሎኔላ የተባለውን የእሳት እራት እጭ እንድሞክር ነግረውኛል። ነገሩ ቢያጓጓኝም ፈታኞቼ ፊት ቀርቤ «በትል ሞክሬ አገኘሁት» ስል ምን ያህል ክብደት እንደሚኖረው እርግጠኛ አይደለሁም። የሠራችሁበት ካላችሁ ብታስረዱኝ።

ነጭ ጋውን

ወንድሜ፣ በዚህ እጭ ሁለት ዓመት ያህል ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርህ። ከሌሎቹ ትንንሽ እንስሳት የሚለየው ትልቁ ጥቅሙ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መኖር መቻሉ ነው፤ ይህም ፈንገሱ በሰው ሰውነት ውስጥ በሚያገኘው ሙቀት ጠባዩን እንዲያሳይ ዕድል ይሰጣል። ሲ ኤለጋንስ የተባለችው አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል ትል አካሏ ብርሃን የሚያሳልፍ በመሆኑ የካንዲዳ ክሮች ቆዳዋን ወግተው ሲወጡ በማይክሮስኮፕ ይታያሉ፤ ብዙ ውሁዶችን ባንድ ጊዜ ለማጣራትም ትመቻለች፤ ነገር ግን 37 ዲግሪን አትችልም። ለአንተ ጥያቄ የሚሻለው የጋለሪያው እጭ ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ከ250 እስከ 300 ሚሊ ግራም የሚመዝኑ፣ የክሬም ቀለም ያላቸውና ጥቁር ነጥብ ያልታየባቸው እጮች ይመረጣሉ። እጩን በጣትህ በቀስታ ይዘህ ከሆዱ በታች ካሉት አጫጭር እግሮች የመጨረሻውን የግራ እግር በ70 በመቶ አልኮል ትጠርጋለህ፤ ከዚያ በዚያ እግር በኩል 10 ማይክሮ ሊትር በቀጭን መርፌ ትወጋለህ። መርፌው ጠልቆ አንጀቱን ከበሳው እጩ በራሱ ባክቴሪያ ይሞታል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እኔም ፈንገሱ የገደላቸው እየመሰለኝ የገዛ እጄን ስሕተት ስመዘግብ ቆይቻለሁ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሙከራ ፈንገስ የሌለበት ፒቢኤስ (ሴልን የማይጎዳ የጨው ውሃ) ብቻ የተወጋ ቡድንና ጭራሽ ያልተወጋ ቡድን ያስፈልጋል።

ለካንዲዳ አልቢካንስ በአንድ እጭ ከመቶ ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ሴል የተለመደ መጠን ነው፤ ሆኖም በሴል መቁጠሪያ ስላይድ የቆጠርከውን ሰሐን ላይ ዘርተህ በኮሎኒ ብዛት ማረጋገጥ አለብህ። መድኃኒቱን በክብደት አስላው፤ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ለመስጠት ከፈለግህ 250 ሚሊ ግራም ለሚመዝን እጭ የሚደርሰው 2.5 ማይክሮ ግራም ስለሆነ፣ በ10 ማይክሮ ሊትር ለመወጋት በሚሊ ሊትር 0.25 ሚሊ ግራም የሆነ ብጥብጥ ታዘጋጃለህ። እጩ ሲታመም ሜላኒን የተባለው ቀለም በሰውነቱ ስለሚፈጠር መጀመሪያ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ከዚያም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጠቁራል። በወረንጦ ሲነካ የማይንቀሳቀሰውን ሞተ ብለህ ትመዘግባለህ።

የክፍል ሐኪም

ከላይ የተሰጠው ምክር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከመደምደሚያው በፊት ልጓም ያስፈልጋል። እጩ አንቲቦዲም ቲ ሴልም የለውም። እኔ በየጊዜው የማያቸው ክሪፕቶኮከስ በተባለ ሌላ ፈንገስ የሚመጣ ማጅራት ገትር ታማሚዎች አብዛኞቹ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩና የሲዲ ፎር (ኤች አይ ቪ የሚያጠቃቸው የቲ ሴል ዓይነት) ቁጥራቸው ከ100 በታች የወረደ ናቸው። በሽታው የሚገባው በሳንባ ሲሆን በኋላ ወደ አንጎል ሽፋን ይዘልቃል። በመርፌ በቀጥታ ፈንገስ የተጨመረበት፣ ሳንባም ሲዲ ፎርም የሌለው እጭ ይህን ጉዞ ሊያሳየኝ አይችልም። ጠያቂያችን የያዙት የካንዲዳ ጥያቄ ግን ከዚህ የተለየ ስለሆነ ተስፋ ማስቆረጤ አይደለም፤ በደም ውስጥ የገባን ካንዲዳ ለመግታት የነጭ ደም ሴሎች ፈጣን ምላሽ ወሳኝ ነው፤ እጩም ፈንገስን የሚውጡ የራሱ ሴሎች አሉት።

ትንሽ እንስሳን በመናቅ እንዳልተናገርኩም ይታወቅልኝ። በ1996 ቶል የተባለው ዘረ መል የተበላሸባት የፍራፍሬ ዝንብ አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ የተባለውን ፈንገስ መቋቋም ተስኗት በፈንገሱ እንደምትወረር የታየው በፈረንሳይ በዡል ሆፍማን ላብራቶሪ ነው። ከቶል ጋር የሚመሳሰሉ፣ ጀርምን የሚለዩ የሴል ተቀባዮች በአይጥና በሰው ዘንድ ምን እንደሚሠሩ ከተረጋገጠ በኋላም ሆፍማን የ2011 የኖቤል ሽልማት ተጋሪ ሆነዋል። ስለዚህ ፈታኞችዎ «ትል ነው» ብለው ቢያጣጥሉ መልስ አለዎት፤ «ሰውም እንዲሁ ይሆናል» ብለው ከጻፉ ግን መልስ አይኖርዎትም።

ባለ ቀፎው

እኔ የላብራቶሪ ሰው አይደለሁም፤ ንብ አናቢ ነኝ። ለእኛ ይህ ትል ጠላት ነው። ብርቱ የንብ መንጋ ራሱን ይከላከላል፤ ደካማው መንጋና ተነቅሎ የተቀመጠ የማር እንጀራ (ንቦች የሚሠሩት የሰም ቤት) ግን በድሩ ተተብትቦ ይበላል። ከቀፎ በቀጥታ ለቅመው ቢወስዱ አንዱ የጠገበ፣ ሌላው የተራበ፣ ሦስተኛው ቀድሞ በበሽታ የተያዘ ይሆናል። ሌላ ትንሽ የሰም ትልም ስላለ፣ እሱን ከትልቁ እጭ ልጅ ጋር እንዳያምታቱት። ማርባቱ አይከብድም፤ ፉርሽካ፣ ማር፣ ግሊሰሪንና ጥቂት ሰም ለውሰው ጨለማና ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡላቸው። ዕቃው ብርጭቆ ወይም ቆርቆሮ ይሁን፤ ስስ ፕላስቲክ ቦጭቀው ይወጣሉ። አደራ የምለው፣ ሥራዎን ሲጨርሱ የቀሩትን በረዶ ቤት አስገብተው ይግደሉ እንጂ የእሳት እራት ሆነው ወደ ጎረቤት ቀፎ እንዳይበሩ።

ነጭ ጋውን

ባለ ቀፎው ያነሡትን በጣም እደግፋለሁ፤ አንድም ልጨምርበት። እጮቹን ከገጠር በመኪና እያንገጫገጭክ ካመጣሃቸው በዚያው ቀን አትውጋቸው። በእጅ የተናወጡ እጮች ካንዲዳን ከሌሎቹ በተሻለ እንደሚቋቋሙ በጥናት ታይቷል፤ መናወጡ የመከላከያ ሴሎቻቸውን ያበዛል፤ ፍሪጅ ውስጥ መቆየትም ተመሳሳይ ውጤት አለው፣ መራብ ደግሞ በተቃራኒው ያደክማቸዋል። እንዲህ ከሆነ የምታነጻጽረው የካንዲዳ ናሙናዎችህን ሳይሆን መንገዱን ነው።

የማይክሮባዮሎጂ ተማሪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባለ ቀፎው ባሉት መንገድ ለሁለት ትውልድ አርብቼ፣ ለእያንዳንዱ ናሙና ሃያ ሃያ እጭ መድቤ፣ ግማሾቹን በፍሉኮናዞል ላክምና ሙከራውን በሦስት የተለያዩ ቀናት ልደግመው አስቤያለሁ። የጥናቱን ርዕስም «በሰው ላይ» ከሚለው ወደ «በጋለሪያ እጭ ውስጥ» ወደሚለው አጠበዋለሁ። የቀረኝ ጥያቄ፣ ፒቢኤስ ብቻ ከተወጉት መካከል ሞት ከታየ ምን ላድርግ?

ነጭ ጋውን

ከሃያው አንዱ ቢሞት መዝግበህ ቀጥል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የዚያን ቀን ሙከራ በሙሉ ጣለው፤ የፈንገሱ ቡድን ውጤት የቱንም ያህል የሚያምር ቢሆን አትሳሳለት። ቁጥሩን ከመጀመርህ በፊት በማስታወሻህ ጽፈህ አስቀምጥ፤ እጮቹ ከጠቆሩ በኋላ የሚወሰን ገደብ ሁልጊዜ ለሠሪው ያደላል።