በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስለ ቅዱስ መጽሐፍ መከራከር ይከልከል?

የእድሩ ጸሐፊ፦ በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ በሚገኘው ሰፈራችን፣ ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ላይ ሁለት ጎረቤቶቻችን ስለ ሮሜ 8፥34 ተከራክረው ነበር። በአንደኛው እጅ ያለው ዕትም ክርስቶስ ስለ እኛ «ይማልዳል»፣ በሌላኛው እጅ ያለው «ይፈርዳል» የሚል በመሆኑ፣ ነገሩ «መጽሐፉን በርዛችኋል» እስከ መባባል ደረሰ። እንዲህ ያለው ክርክር በእድራችን ደንብ ይከልከል ትላላችሁ?

ጡረተኛው መምህር፦ ይከልከል። እኛ የተቀመጥነው ለማስተዛዘን ነው።

አንድ ሙስሊም አባል፦ በጥቅሱ አልገባም። ሻይ ሳዞር ግን የሟች ባለቤት ነጠላዋን በጆሮዋ ላይ ስትጠመጥም አይቻለሁ። በመምህር ሐሳብ እስማማለሁ።

የወንጌል አማኝ እኅት፦ ጋሼ፣ ስለ ድንኳኑ ልክ ነዎት፤ ጥያቄው ግን አብሮ እንዳይቀበር እሰጋለሁ። እኔም «በርዘዋል» ስል ኖሬአለሁ፤ ኋላ ላይ ግን በግሪኩ ያለው «ኤንቱግካኖ» የሚለው ግሥ፣ ስለ አንድ ሰው ጉዳይ ባለ ሥልጣን ዘንድ መቅረብን እንደሚያመለክትና፣ በሮሜ 11፥2 ኤልያስ እስራኤልን ሲከስ የተነገረውም በዚሁ ቃል እንደሆነ ተረዳሁ። አንድ ቃል ለጥብቅናም ለክስም የሚውል ከሆነ፣ ተርጓሚውን ሌባ ከማለቴ በፊት ምን እንደ ገጠመው መጠየቅ ይገባኝ ነበር። ይህን ስል ግን እምነቴን አልተውኩም፤ ዕብራውያን 7፥25 ሊያማልድ ዘወትር ሕያው እንደሆነ ይናገራልና።

የቀድሞ የአብነት ተማሪ፦ ከተከራካሪዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ፤ የሟችን ቤተሰብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በእኛ ትምህርት ጌታ «በሥጋው ወራት» ጸሎትንና ምልጃን እንዳቀረበ በዕብራውያን 5፥7 ተጽፏል፤ አሁን ግን በዮሐንስ 5፥22 እንደተባለው ፍርድ ሁሉ የተሰጠው እርሱ ስለሆነ፣ በአብ ፊት ቆሞ ይለምናል አንልም። ይህን በዚያ ቀን በእርጋታ ማስረዳት ሲገባኝ ጮኽኩ። የሚያሳፍረኝ ደግሞ ያደግሁት መምህሩ አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ ደጋግመው ሲፈቱ እየሰማሁ መሆኑ ነው። እርግጥ አንድምታ ማንም የመሰለውን የሚጨምርበት አይደለም፤ ምሥጢር የሚያፋልስ ትርጓሜ ቦታ የለውም። ቢሆንም ንባቡ ተነቦ ሳያልቅ ትርጓሜ አይጀመርም፤ እኔ ግን የወንድሜን መጽሐፍ ገልጬ እንኳ ሳላይ ፈረድኩበት። ስለዚህ ከድንኳኑ ውጭ መነጋገሩ ይቀጥል፤ ሲጀመርም እያንዳንዱ የሌላውን ዕትም ተቀብሎ ምዕራፉን በሙሉ ድምፁን አሰምቶ ያንብብ።

ጡረተኛው መምህር፦ እንደዚያ ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ክፍት ነው፤ ቡናውን እኔ እችላለሁ።

የእድሩ ጸሐፊ፦ የድንኳኑን ጉዳይ ለጠቅላላ ጉባኤ አቀርባለሁ።

የወንጌል አማኝ እኅት፦ መጽሐፌን ይዤ እመጣለሁ። ወንድሜ ግን ዕብራውያን 7፥25ን ገና አልመለስክልኝም።