ፖታሲየም ሲትሬት ከኢናላፕሪል ጋር፦ ሽንቱ ተስተካከለ፣ የደም ፖታሲየም ግን 5.6 ገባ

ታካሚው የ62 ዓመት ሰው ናቸው፤ የዩሪክ አሲድ የኩላሊት ጠጠር አለባቸው። ለግፊት ኢናላፕሪል (ኩላሊት የሚያስወጣውን ፖታሲየም የሚቀንስ መድኃኒት) 10 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ይወስዳሉ። ክሬአቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) 1.3።

የሽንታቸው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 5.0 ስለነበር፣ የሽንቱን አሲድ እንዲቀንስ ፖታሲየም ሲትሬት ባለ 1080 ሚሊግራሙ (10 ሚሊኢኩቫለንት፣ የመጠን መለኪያ) ሁለት ሁለት ክኒን፣ በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ ጋር ተጀመረ። ሳይሰበርና ሳይታኘክ ይውጡታል። (ሰገራ ላይ የክኒን ቅርጽ አይተው ደንግጠው ነበር፤ መድኃኒቱ ወጥቶለት የቀረ የሰም ቀፎ ነው።)

አሁን በመመርመሪያ ወረቀቱ ጠዋት 6.5፣ ማታ 7.0 ያሳያል። ከዚህ ከበለጠ የካልሲየም ፎስፌት ጠጠር ይጋብዛል። ችግሩ ደሙ ላይ ነው፦ በሦስተኛው ሳምንት ፖታሲየም ከ4.4 ወደ 5.6 ወጣ። የደም ናሙናው ቱቦ ውስጥ ቀይ ሴል ፈርሶ ቁጥሩን በሐሰት ከፍ አድርጎት እንዳይሆን ተብሎ እንደገና ተቀዳ፤ 5.5። ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ደህና ነው። ሲትሬቱ ለጊዜው ቆሟል። ስፓይሮኖላክቶንም፣ አይቡፕሮፌንም፣ ፖታሲየም ያለበት የጨው ምትክም አይወስዱም።

ሶዲየም ባይካርቦኔት ታስቦ ነበር። ግን 60ውን ሚሊኢኩቫለንት ለመተካት ባለ 500 ሚሊግራሙ በቀን 10 ክኒን ይፈልጋል፤ ይህ ወደ 1.4 ግራም ሶዲየም ማለት ነው፣ ግፊታቸው ደግሞ ዛሬም 145/90 ነው። ስኳር የለባቸውም፣ ሽንታቸው ላይ ፕሮቲን አልታየም፤ ስለዚህ በነዚህ ምክንያት ኢናላፕሪሉ የግድ አይደለም።

እናንተ ብትሆኑ ኢናላፕሪሉን በአምሎዲፒን ቀይራችሁ ፖታሲየሙ ከ5.0 ሲወርድ ሲትሬቱን በግማሽ ትመልሳላችሁ፣ ወይስ ኢናላፕሪሉን ሳትነኩ ወደ ባይካርቦኔት ትሄዳላችሁ?