ጭንቀት ለማርገብ ዮጋ ወይስ ተመስጦ? ጀማሪ ከየት ይነሳ?

ጥያቄ፦
የልጆች እናትና የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የወር መዝጊያ ሲቃረብ ትከሻዬ ይደድራል፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ሰውነቴ አይተጣጠፍም፤ ዝም ብዬ ልቀመጥ ስልም ሐሳብ ይግተለተልብኛል። በየትኛው ልጀምር?

መልስ 1፦
እህቴ፣ ዮጋ አስተምራለሁ። መተጣጠፉን ለጊዜው ተይውና ከትንፋሽ ጀምሪ። እስከ 4 እየቆጠርሽ በአፍንጫሽ ሳቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ። ሁሉ ነገር ያለው በማስወጣቱ ላይ ነው! ትንፋሽ ረዘም ብሎ ሲወጣ፣ ከአንጎል ግንድ ወደ ልብና ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ የልብን ምት ያዘገየዋል። ከዚያ ተንበርክከሽ ተረከዝሽ ላይ ተቀመጪና ግንባርሽን ወለሉ ላይ አሳርፊ። ጉልበትሽን ካመመሽ ትራስ ጨምሪበት። የሚወጋ ሕመም ከተሰማሽ ግን ወዲያው አቁሚ፤ «ቻይው» የሚል አሠልጣኝ በጣም ያናድደኛል።

መልስ 2፦
ሐሳብ መምጣቱ አያስፈራሽ። ልብሽ ወደ ሐሳቡ መሄዱን አስተውሎ ወደ ትንፋሽ መመለስ ራሱ የተመስጦ ልምምዱ ነው። አሜሪካዊው የተመስጦ አስተማሪ ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ በጀመረው የ8 ሳምንት ሥልጠና ውስጥ በጀርባ ተኝቶ ከእግር ጣት እስከ ራስ ሰውነትን በጥሞና መቃኘት አለ። መቀመጥ ለሚከብደው ሰው እሱ ይቀላል።

ጠያቂዋ፦
አመሰግናለሁ። ከመኝታ በፊት ይሻላል ወይስ ጠዋት?

መልስ 1፦
ለእንቅልፍሽ ከሆነ ማታ፣ አልጋሽ ላይ ሆነሽም ይቻላል። እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከዘለቀ ግን ሐኪም ይይሽ።