ካንዴላ 1 እና 2 ጥላሸት፣ 3 ዘይት፣ 4 ንጹሕ፦ ከየት ይጀመራል?

ባለ67

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የ1967 (እ.ኤ.አ.) ኤምጂቢ ነው፤ 1798 ሲሲ፣ ሁለት ኤስዩ ኤችኤስ4 ካርቡራቶር፣ ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው) የጥንቱ ባለ ፑንቲና (የእሳቱን ኤሌክትሪክ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ)። ካንዴላዎቹ ኤንጂኬ ቢፒ6ኢኤስ ናቸው፤ አራቱም አንድ ቀን የገቡ፣ ክፍተታቸው 0.64 ሚሜ፣ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሠሩ። ሲፈቱ የታየው ይህ ነው (1 የምለው በራዲያተር በኩል ያለውን ነው)፦

1፦ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት፤ ጣት ሲነካው እንደ ከሰል ዱቄት ይለቃል።
2፦ እንደ 1 ሆኖ ትንሽ ቀለል ያለ።
3፦ ጥቁር፣ እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ። ጥርሱ ላይ ሳይቀር ዘይት አለ።
4፦ ዳለቻ የቀላቀለ ቡናማ፤ ምንም አይወጣለትም።

ቀዝቃዛ ሲነሳ ደህና ነው፤ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይሰጥ በዝቅተኛ ዙር) ግን ይንቀጠቀጣል። አንድ ምክንያት ሦስቱንም ሊያበላሽ ይችላል? ቢፒ5ኢኤስ ቢገባስ ይፈይዳል?

ቢራቢሮ

ለሦስቱ አንድ ምክንያት አይፈልጉ፤ ሁለት የተለያየ ሕመም ነው። ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ የላይኛ ክፍል) ራሱ ይመሰክራል። በዚህ ሞተር ድብልቁ የሚገባበት ቀዳዳ ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱን 1 እና 2 ይጋሩታል፣ ሁለተኛውን 3 እና 4። የፊቱ ካርቡራቶር ለመጀመሪያዎቹ ሁለት፣ የኋላው ለቀሪዎቹ ነው። 1 እና 2 አብረው ሲጠቁሩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፊቱ ካርቡራቶር ይሆናል። 3 ግን ከ4 ጋር ከአንድ ቀዳዳ ነው የሚስበው። 4 እንዲያ ንጹሕ ሆኖ ሳለ የኋላውን ካርቡራቶር መወንጀል አያስኬድም፤ የ3 ጣጣ ያለው እዚያው ሲሊንደር ውስጥ ወይም ቫልቩ ላይ ነው። 2 ከ1 ቀለል ማለቱ አያሳስብዎ። ቀዳዳ በሚጋሩ ሲሊንደሮች መካከል የዚያን ያህል የቀለም ልዩነት ያለ ነገር ነው።

ቢፒ5ኢኤስን ይተዉት። ኤንጂኬ ላይ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ካንዴላው ይበልጥ ይሞቃል (ቻምፒዮን ላይ ተቃራኒው ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል)። የካንዴላ ጫፍ ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ጥላሸቱን ራሱ ያቃጥላል። ስለዚህ ሞቃት ካንዴላ ምልክቱን ያጠፋል እንጂ በሽታውን አያድንም፤ ዛሬ ጤነኛ የሆነውን 4ንም ያለ ጥፋቱ ያግለዋል።

አንድ ጥያቄ፦ ካንዴላዎቹ የተፈቱት ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ቆይቶ ከጠፋ በኋላ ከሆነ ቀለሙ ብዙም አያስተማምንም። አምስት ደቂቃ ሚኒሞ ደህናውንም ካንዴላ ያጠቁራል። ትክክለኛው አነባበብ እንዲህ ነው፦ የጸዱ ካንዴላዎች አስገብተው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይንዱ። ባዶ መንገድ ላይ፣ በ4ኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ጭነት እንደያዘ ማስነሻውን ያጥፉ፤ እኩል ፍሪሲዮን ይርገጡ፣ በነጻ ሄደው ዳር ይያዙና እዚያው ይፍቱ። መሪ የሚቆልፍ ቁልፍ ከሆነ አንድ ደረጃ ብቻ ይመልሱት፤ መኪናው ሳይቆም እንዳይነቅሉት።

ፑንቲና

ከቢራቢሮ ጋር በ3 ላይ እስማማለሁ፤ በ1 እና 2 ላይ ግን ካርቡራቶር ከመነካቱ በፊት እሳቱ ይታይ። ደካማ እሳትም ልክ እንደዚያው ደረቅ ጥላሸት ያወጣል። የእሳቱ ተራ 1-3-4-2 ስለሆነ ከ2 ቀጥሎ ተመልሶ 1 ነው የሚመጣው። በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ላይ 1 እና 2 ጎረቤት ናቸው ማለት ነው። በሁለቱ መካከል እሳት የሚያሻግር መስመር ከተፈጠረ ሁለቱም አብረው ይጠቁራሉ፤ ካርቡራቶሩ ያለ ኃጢአቱ ይፈታታል።

ክዳኑን አውርዳችሁ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና በመብራት አዘንብላችሁ እዩት። የምትፈልጉት በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ነው። ካለ መፋቅ አያድነውም፤ ክዳኑ ይቀየራል። ማታ መብራት አጥፍቶ ኮፈኑን ከፍቶ ማየትም ያዋጣል፤ የሚያፈተልክ እሳት በጨለማ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።

ቀጥሎ የካንዴላ ገመዶቹ። እያንዳንዱን ከሁለቱም ጫፍ በኦም መለኪያ ለኩ። ቁጥሩ እንደ ገመዱ ዓይነትና ርዝመት ስለሚለያይ እርስ በርስ አነጻጽሩ፤ ከሌሎቹ በእጥፍ የሚበልጥ ወይም ሲያጥፉት ቁጥሩ የሚዘል ካለ ይጣል።

ሦስተኛው ፑንቲናው ነው። ክፍተቱ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሜ፣ ድዌሉ (ፑንቲናው ተዘግቶ የሚቆይበት ዙረት) 60 ዲግሪ ሲደመር ሲቀነስ 3። ከዚያ የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ማለቅ አለማለቁን እንዲህ ታውቃላችሁ፦ የታይሚንግ መብራቱን መጀመሪያ በ1 ገመድ ላይ፣ ቀጥሎ በ4 ላይ አድርጉ። ሁለቱ ፒስተኖች እኩል ስለሚወጡ ምልክቱ አንድ ቦታ መታየት አለበት። ከ2 ወይም 3 ዲግሪ በላይ ከተራራቀ ዘንጉ በቡሹ ውስጥ እየተወዛወዘ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ፑንቲና ማስተካከል ትርፉ ድካም ነው።

መቀያየሩንም አትርሱ፤ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። የ1ን ካንዴላ ወደ 4፣ የ4ን ወደ 1። ጥላሸቱ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ካንዴላው ነው፤ 1 ላይ ከቀረ ካንዴላው ነጻ ወጣ ማለት ነው። ገመድና ካንዴላ አብረው ከተቀያየሩ ግን ምንም አልተማራችሁም።

መርፌና ጄት

ኤስዩ ላይ የአንድ ካርቡራቶር ብቻ መወፈር (ቤንዚን ማብዛት) ሲነሳ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር የማየው ቦታ ጄቱ (ቤንዚኑ የሚወጣበት የናስ ቱቦ) ነው። ኤችኤስ4 ለብቻው የተሠራ የቾክ ቢራቢሮ የለውም። ቾክ ሲሳብ ጄቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ መርፌው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ በዙሪያው ያለው ክፍተት ይሰፋል፣ ቤንዚኑ ይበዛል። ቾኩ ሲመለስ ጄቱ ካልተመለሰ ያ ካርቡራቶር ቀኑን ሙሉ ግማሽ ቾክ እንደተሳበበት ይውላል። ቀዝቃዛ ሲነሳ ደህና ሆኖ ሚኒሞ ላይ መንቀጥቀጡም ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ማረጋገጫው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ቾኩን ስበው ይመልሱ፤ ከካርቡራቶሩ ሥር በጣትዎ የጄቱን ቂጥ ወደ ላይ ይግፉ። ቀድሞውኑ ቦታው ላይ ከሆነ አይንቀሳቀስም። ጠቅ ብሎ ከወጣ ተንጠልጥሎ ነበር። መንስኤው ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ናሱ ላይ የተጋገረ የቤንዚን ዝቃጭ፣ የደከመ መመለሻ ሞላ፣ ወይም ደርቆ ጄቱን ወደ ጎን የሚጎትት የናይለን ቱቦ። ቾኩን ሙሉ ስበው የወጣውን ናስ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ቀጭን ዘይት ጠብ አድርገው አሥር ጊዜ ያህል ያውጡ ያግቡ። አሸዋ ወረቀት አይነካካው። የቾኩ ሽቦም ጄቱን መጎተት ከመጀመሩ በፊት 1.5 ሚሜ ያህል ላላ ማለት አለበት።

ጄቱ ደህና ከሆነ የቤንዚን ጎድጓዳው ይከፈታል። ተንሳፋፊውን ጆሮ ጋ ያናውጡት፤ ውስጡ ቤንዚን ከተንቦጫረቀ ተበስቷል። ክዳኑን ገልብጠው በተንሳፋፊው ክንድና በክዳኑ ጠርዝ መካከል ያለውን ይለኩ፤ ከ3 እስከ 5 ሚሜ መካከል መሆን አለበት። የ3.2 ሚሜ መሰርሰሪያ ጥሩ መለኪያ ይሆናል። ሁለቱ መርፌዎች ላይ የተቀረጸው ምልክት አንድ መሆኑንም እግረ መንገድዎን ይዩ፤ የተለያየ መርፌ የገባባቸው ጥንድ ካርቡራቶሮች ከሚገመተው በላይ ብዙ ናቸው።

ባለ67

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ውጤቱ ይኸው።

የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ንጹሕ፤ ገመዶቹ ተቀራራቢ፤ በ1 እና በ4 መካከል የታይሚንግ ልዩነት ከ2 ዲግሪ በታች። የፊቱ ካርቡራቶር ጄት ግን በጣት ሲገፋ 2 ሚሜ ያህል ጠቅ ብሎ ወጣ። የኋላው አልተነቃነቀም።

ኮምፕሬሽን፣ ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ቤንዚን መስጫው እስከ ጥግ ተረግጦ፦ 158፣ 160፣ 152፣ 160 ፒኤስአይ። በየሲሊንደሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ተጨምሮ ሲለካ፦ 164፣ 166፣ 157፣ 165። እንግዲህ የ3 ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ደህና ነው ማለት ነው?

ቢራቢሮ

የኮምፕሬሽን ፋሻዎቹ ደህና ናቸው ማለት ነው። ልዩነቱ ከ10 በመቶ በታች ነው፤ ዘይት ሲጨመርም 3 ከሌሎቹ የተለየ ዝላይ አላሳየም። የተበላሸው የቴስታታ ጓርኒሲዮን በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ቢሆን ኖሮ ሁለት ጎረቤታሞች አብረው ይወርዱ ነበር። ግን ይጠንቀቁ፤ ኮምፕሬሽን መለኪያ የዘይት ፋሻውን አያይም። ዘይት ጠራጊው ፋሻ ቢሰበር ወይም ቦዩ ውስጥ ቢጣበቅ ግፊቱ ሙሉ ሆኖ ዘይት ሽቅብ ሊወጣ ይችላል።

ሁለቱን የሚለየው ጭሱ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ በማርሽ፣ ቤንዚን ሳይሰጡ ይውረዱ። የካርቡራቶሮቹ ቢራቢሮዎች ተዘግተው ስለሆነ ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው መሳብ በጣም ይበረታል፤ የቫልቭ ጋይዱ (የቫልቩ ዘንግ የሚንሸራተትበት ቱቦ) ካለቀ ዘይቱን በቫልቩ ዘንግ ዙሪያ ይጠጣል። ታች ደርሰው ቤንዚን ሲሰጡ ሰማያዊ ጭስ አንድ ጊዜ ቡልቅ ብሎ ከጠፋ ጋይድ ወይም የቫልቭ ጎማ (በዘንጉ ዙሪያ ዘይት የሚከለክለው) ነው። ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ሳያቋርጥ ሰማያዊ የሚያጨስ ከሆነ ወደ ፋሻው ዞር ይበሉ። ጋይድ ከሆነም የሚጠረጠረው የመግቢያው ነው። የጭስ መውጫው ጋይድ ሲያልቅ ዘይቱ በአብዛኛው ወደ ጭስ ቱቦው ስለሚሄድ ካንዴላውን እንዲህ አያርሰውም።

ባለ67

ቁልቁለቱ ማብቂያ ላይ አንድ ጊዜ ቡልቅ ብሎ ጠፋ። ዳገት ላይ ምንም የለም።

ክር ሳቢ

እንግዲያው የ3 መግቢያ ቫልቭ ጎማ ነው፤ ቴስታታ ሳይወርድ ይቀየራል። 3ን ኮምፕሬሽን ላይ አድርገው ፒስተኑ ከጫፍ ትንሽ ሲቀረው ያቁሙ። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ሜትር ያህል ንጹሕ የጥጥ ገመድ ያስገቡ፤ ጫፉ ውጭ ይቅር። ሞተሩን በእጅ ሲያዞሩ ፒስተኑ ገመዱን ከቫልቮቹ ሥር ይደግፈዋል። ሞላውን ተጭነው ሞላውን ከቫልቩ ጋር የያዙትን ትንንሽ ቁልፎች ያወጣሉ፣ ቫልቩ አይወድቅም። አዲሱን ጎማ ሞተር ዘይት ውስጥ ትንሽ ነክረው ይግጠሙት፤ ደረቁን ከተገፋ ይቀደዳል።

ፑንቲና

የገመዱ ዘዴ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ሞተር ግን አንድ ወጥመድ አለበት። የሮከር ዘንጉን (ቫልቮቹን የሚጫኑት ክንዶች የተሰኩበትን) ከያዙት ዳዶዎች አራቱ የቴስታታውም ዳዶዎች ናቸው። እነሱን ብቻ ፈትቶ ሌሎቹን ጥብቅ አድርጎ መተው ቴስታታውን ያጣምማል፤ ውሃ ወደ ሲሊንደሩና ወደ ዘይቱ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው ይፈሳል፤ ከዚያ 11ዱም የቴስታታ ዳዶዎች በተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይላላሉ።

እዚህ ከተደረሰ ደግሞ ጓርኒሲዮኑ ተነካ። የእኔ ምክር ቴስታታውን ማውረድ ነው። ጎማው ብቻ ተቀይሮ ጋይዱ ያለቀ ከሆነ አዲሱ ጎማ ከዘንጉ ጋር ወዲያ ወዲህ እየተባለ ቶሎ ያልቃል፤ በጥቂት ወራት ያው ዘይት ይመለሳል። ቴስታታው ጠረጴዛ ላይ ሲሆን የ3ን መግቢያ ቫልቭ ከመቀመጫው 10 ሚሜ ያህል ገፋ አድርጋችሁ ወደ ጎን አወዛውዙት፤ ከዚያ የ4ን። ልዩነቱን እጅ ይነግራችኋል። የ3 ቫልቭ ጀርባ ላይ የተጋገረ ጥቁር የዘይት ክምር ካለ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሲገጠም ዳዶዎቹ ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ እስከ 68 ኒውተን ሜትር፤ ትንንሾቹ የሮከር ዳዶዎች 34። የቫልቭ ክፍተት በቀዝቃዛው 0.38 ሚሜ። ለማስተካከል የ9 ድምርን ያዙ፦ 8ኛው ቫልቭ ሙሉ ሲከፈት 1ኛውን፣ 6ኛው ሲከፈት 3ኛውን፣ እንዲያ እያለ።

መርፌና ጄት

ካርቡራቶሮቹን ከቴስታታው በፊት አያስተካክሉ፤ ያለቀ ጋይድ አየርም ስለሚያስገባ የዛሬው ልኬት ነገ አይሠራም። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ሁለቱንም የጄት ዳዶ ከላይኛው ጥግ 12 ገጽ (ሁለት ሙሉ ዙር) አውርደው ይጀምሩ። ሞተሩ ሞቆ፣ የሁለቱ አሳሳብ እኩል ከተደረገ በኋላ የፊቱን ካርቡራቶር ፒስተን (የሞተሩን ሳይሆን ካርቡራቶሩ ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚለውን) በማንሻው 0.8 ሚሜ ብቻ ያንሱ። ዙሩ ጨምሮ እዚያው ከቀረ ወፍሯል፣ ዳዶውን አንድ ገጽ ወደ ላይ። ወዲያው ከወደቀ ቀጥኗል፣ አንድ ገጽ ወደ ታች። ለአፍታ ጨመር ብሎ ከተመለሰ ልኩ ነው። ከዚያ የኋላውን፤ ከዚያ ተመልሰው የፊቱን። ሥራው ከ3 ደቂቃ በላይ ከፈጀ በ2500 ዙር ግማሽ ደቂቃ ያስጩኹትና ይቀጥሉ፤ አለዚያ ሚኒሞው ራሱ ካንዴላ እያጠቆረ ያሳስትዎታል።

የሞተር ዘይቱንም ይቀይሩ። በተንጠለጠለው ጄት ምክንያት ከ1 እና 2 ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ታች ወርዷል፤ የዘይት መለኪያ ዘንጉን ቢያሸቱት ይታወቃል። የድሮዎቹን ካንዴላዎች በሽቦ ብሩሽ አይፈግፍጓቸው፤ ብረቱ ነጩ ሸክላ ላይ መስመር ይተውና እሳቱ በዚያ ይሸሻል። የ3ን ይጣሉት፤ ሌሎቹ በቤንዚን ታጥበው ከደረቁ ይሠራሉ።